ቡና ጠሪው ወንድሜ

ዛሬ ስለ ታናሽ ወንድሜ ላጫውታችሁ ነው። ካረፈ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል፤ ያረፈው በ46 ዓመቱ ነው። ሲወለድ ጀምሮ ሐኪሞች ዳውን ሲንድሮም የሚሉት ነገር ነበረበት። የምጽፈው ላስለቅሳችሁ ብዬ አይደለም። እንደሱ ያለ ልጅ፣ እንደሱ ያለ ወንድም ወይም እህት በቤታችሁ ያለ ብዙዎች እንደሆናችሁ ስለማውቅ ነው። አንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሲመጣ ልጁን ወደ ጓዳ ታስገቡታላችሁ። ለምን እንደምታደርጉትም አይጠፋኝም።

ወንድሜ የተወለደው ጎንደር ገጠር ውስጥ ነው። እግሩ ዘግይቶ ቆመ፤ አንደበቱም ከባድ ነበር። በመንደራችን የዚህን ነገር ስም የሚያውቅ አልነበረም። አንዱ «ቡዳ በልቶት ነው» ይላል፤ ሌላው «የአባቶቹ ኃጢአት ነው» ይላል። እናታችን ይህን ስትሰማ ትቆጣ ነበር። «ቡዳ መባልንስ እኛ እናውቀዋለን!» ትላለች። እውነቷን ነው። አንጥረኛና ሸክላ ሠሪ በመሆናችን ስንት ዘመን ቡዳ ሲሉን ኖረዋል። ሳያጠፋ ፊት የሚዞርበትን ሰው ሕመም ከቤተ እስራኤል የበለጠ ማን ያውቃል? ታዲያ ያንኑ ስም መልሰን በገዛ ልጃችን ላይ እንለጥፈው?

ወደ እስራኤል የመጣነው በዘመቻ ሰሎሞን ነው። ግንቦት 1991 ዓርብና ቅዳሜ፣ ከ14,000 በላይ ሕዝብ ከአዲስ አበባ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ሲጓጓዝ እኛም ከዚያ ውስጥ ነበርን። ያ ሁሉ ሰው ሲፈራና ሲጸልይ ወንድሜ አውሮፕላኑ ሲነሳ አጨበጨበ። በአጠገቡ የነበሩት ሽማግሌዎች ሳይወዱ ሳቁ። ግንባሩ ላይ የተለጠፈችለትን ቁጥርም «የኔ ናት» ብሎ ስንት ቀን አላስነሳም አለ።

እዚህ ከመጣን በኋላ ነው ሐኪም የነገሩን ምክንያት ያስረዳን። የሰው ልጅ በእያንዳንዱ የሰውነቱ ሕዋስ ውስጥ ክሮሞዞም የሚባሉ 46 የዘር መያዣዎች አሉት። ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የሚቀመጡት። ዳውን ሲንድሮም ያለበት ሰው ግን 21ኛው ጥንድ ሦስት ይሆንለትና ጠቅላላው 47 ይሆናል። በዓለም ዙሪያ ቀኑ በሦስተኛው ወር በ21ኛው ቀን፣ ማርች 21 የሚታሰበውም ለዚህ ነው። እርግማን የለበትም፤ የእናት ጥፋት የለበትም። ይህን ለእናቴ ስተረጉምላት ዝም ብላ ቆየችና «እንግዲያስ አልጎደለበትም፤ ተጨምሮለታል በይኛ!» ብላ ሳቀች።

ቤርሼባ ከገባን በኋላ እናታችን አንድ ሥራ ሰጠችው፤ ቡና ጠሪ አደረገችው። በአገራችን ቡና ሲፈላ ልጅ ይላካል አይደል? እዚህ ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው፣ ጎረቤቱም በየፎቁ በሩን ዘግቶ ተቀምጧል። ወንድሜ ማንበብ አያውቅም ነበር። በር ላይ የተጻፈውን ስም ሳይሆን ሰውየውን ነው የሚያውቀው። ሦስተኛ ፎቅ ጉልበቷን የሚያማት እትዬ፣ ከታች ደግሞ ከሩሲያ የመጡት አሮጊት። እሳቸው አማርኛ አያውቁም፤ እሱም ሩሲያኛ አያውቅም። «ቡና!» ይላቸዋል፣ ይመጣሉ። ሁሉም ተቀምጦ አቦሉ ሲቀዳ አንድ ሰው ከጎደለ መጀመሪያ የሚያውቀው እሱ ነው። ተመልሶ ሄዶ ያንኳኳል። ታሞ የተኛ፣ ከልጁ ጋር ተጣልቶ የተቀመጠ፣ ሐዘን የያዘው ጎረቤት ሁሉ መጀመሪያ የሚታወቀው በወንድሜ ነበር።

ሰዎች «እንደነሱ ያሉት ሁልጊዜ ደስተኞች ናቸው» ይላሉ። እንደዚያ አይደለም። ወንድሜ ይቆጣል፣ ያኮርፋል፣ ያለቅሳልም። አንድ ጊዜ አንድ ቢሮ ሄደን ጸሐፊዋ እሱን እያየች እኔን «ስሙ ማነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ስሙን ራሱ ጮክ ብሎ ነገራትና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ቀኑን ሙሉ አልሳቀም። ደስታው ከሕመሙ የመጣ ቢሆን ኖሮ ያን ቀንም በሳቀ ነበር። ደስታው የመጣው ስለሚጠበቅ ነው። ቤቱ ይጠብቀዋል፣ ጎረቤቱ ይጠብቀዋል፤ እሱ ካልሄደ ቡናው አይጠጣም።

ከጊዜ በኋላ እንደሱ ላሉ ሰዎች በተዘጋጀ የሥራ ቦታ ዕቃ ማሸግ ጀመረ። ደመወዙ ትንሽ ናት። ግን በደረሰች ቀን ለእህት ወንድም ልጆች በሙሉ ባምባ ገዝቶ ነው የሚመጣው። እዚህ የተወለዱት ልጆች «ዶድ! ዶድ!» እያሉ ደረጃው ላይ ይቀበሉታል። በስግድ በዓል ኢየሩሳሌም ወጥተን የቄሱን ዣንጥላ እንዲይዝ ሲሰጠው እጁ እስኪዝል ይይዛታል፤ ለማንም አይሰጥም። ጾሙ ግን ከበደው። በየሰዓቱ «ዳቦው መቼ ነው?» እያለ ቄሱን ያስቃቸው ነበር።

እናታችን ስታርፍ ዘመድ መከረ። «መርዶውን አትንገሩት፣ አይችለውም፤ ሌላ ቤት ይቆይ» አሉ። እኔና እህቶቼ እምቢ አልን። እናቱ ናት፤ ያርማት። ነገርነው፣ አለቀሰ፣ ቀብሯ ላይም ቆመ። ሰባቱን ቀን ከእኛ ጋር መሬት ተቀመጠ። በሦስተኛው ቀን ተነስቶ ወጣ። ደንግጠን ስንከተለው በየፎቁ እያንኳኳ «እማዬ የለችም፤ ኑ» ይል ነበር። ቡና መጥራት የሚያውቀው እጁ ለቅሶም ጠራላት። ያን ቀን ቤታችን ሰው አልበቃውም።

እሱን ሳስብ ሌላ አንድ አባትና ልጅ ይታወሱኛል። ጄኔራል ዶሮን አልሞግ ወገኖቻችን በሱዳን በኩል በመጡበት በዘመቻ ሙሴ ጊዜ ከሠሩት መኮንኖች አንዱ ነው። ታናሽ ወንድሙ ኤራን በ1973 ጦርነት ጎላን ላይ ቆስሎ፣ የሚያነሳው አጥቶ ሞተ። ዶሮን ከዚያ ወዲያ ቁስለኛ ጥሎ እንዳይሄድ ለራሱ ቃል ገባ። ልጅ ሲወልድም በወንድሙ ስም ኤራን አለው። ልጁ ከባድ የአእምሮ ጉዳትና ኦቲዝም ነበረበት፤ መናገር አይችልም ነበር። አባትየው ጄኔራል ነው፤ ስሜ ይጎድፋል ብሎ ሊደብቀው ይችል ነበር። አልደበቀውም። ከቤርሼባ በስተምዕራብ፣ ኦፋኪም አጠገብ፣ እንደ ኤራን ያሉ የሚኖሩበትና የሚታከሙበት መንደር እንዲቆም ደከመ። ኤራን በ2007 በ23 ዓመቱ አረፈ፤ መንደሩ ናሐላት ኤራን ተብሎ በስሙ ተጠራ። አባትየው በ2016 የእስራኤልን ሽልማት ተቀበለ። ከሁሉ የበለጠ ያስተማረው ይኸው አንድም ቃል ያልተናገረው ልጁ እንደሆነ ይናገራል።

እናንተ ወላጆች የምትፈሩትን አውቃለሁ። «እኔ ስሞት ማን ያየዋል?» ነው ሌሊት የሚያባንናችሁ። እናታችንም ይህንኑ ትፈራ ነበር። መልሱ ግን ገና በሕይወት ሳላችሁ የሚጀመር ነው። ልጅ ሳለ ከቢቱዋህ ለኡሚ የአካል ጉዳተኛ ልጅ አበል ሊጠየቅለት ይችላል፤ ከ18 ዓመት በኋላ ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ አበል አለ። ሲያድግ በሰፈር መሃል ከሌሎች ጋር እየተረዳ የሚኖርበት ቤት ስላለ ኦቬዴት ሶጽያሊቷን ጠይቋት። ከ2016 ወዲህ ሕጉ ስለተሻሻለ ሁሉም ሰው አፖትሮፖስ ይሾምበት አይባልም፤ እየተረዳ ራሱ የሚወስንበት መንገድም አለ። ወረቀቱ ዕብራይስጥ ነው ብላችሁ አትተዉት። ልጆቻችሁ ያንብቡላችሁ።

ዳውን ሲንድሮም ካለባቸው ሕፃናት ግማሽ ያህሉ የልብ ችግር ይዘው ይወለዳሉ። ወንድሜንም ልቡ ነው ያደከመችው። በሶሮካ በተኛበት የመጨረሻ ሳምንት ጠያቂው አልጋውን ከቦት ነበር። ከሩሲያ የመጡት አሮጊትም በምርኩዝ መጡ። እሱ ግን ዙሪያውን አየና «እትዬስ?» አለኝ። ጉልበቷ ብሷት የቀረችውን የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤታችንን ነው።

ነፍሱን ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ጋር ያኑርልን። እናንተም እንደሱ ያለ ልጅ ካላችሁ አንድ ሥራ ስጡት። ለቡና ይጥራ፣ ዳቦ ይቁረስ፣ የአያቱን ምርኩዝ ይያዝ። ትንሽ ትሁን፣ ግን እሱ ካልሠራት የማትሠራ ትሁን። የጓዳውንም በር ክፈቱለት።