ከጦር ኃይሎች እስከ ማጀት፦ የቤቴል ስሞች ቆጠራ

ቆጠራው የሚጀምረው ጦር ኃይሎች፣ ከጦር ኃይሎች አያት የሚሄደው ባቡር መጨረሻ ጣቢያ አጠገብ ነው። ቅዳሜ ጠዋት 2፡40 ላይ ለቤቴል የተሰለፈው ሰው 31፣ ከጎኑ ለዓለም ባንክ የተሰለፈው 19 ነበር። ሥራዬ የገበያ ማማከር ነው። ለድርጅት ስም አወጣለሁ፣ የሰሌዳ ቀለም እመርጣለሁ፣ ስለዚህ ወረፋ ሲረዝምብኝ የምቆጥረው ስም ነው። ከቆምኩበት ሆኜ ረዳቶቹ ሲጣሩ የሰማኋቸው የሰፈር ስሞች አራት ናቸው። ጦር ኃይሎች ከሆስፒታሉ፣ ቶታል ከነዳጅ ማደያው፣ ዓለም ባንክ በዓለም ባንክ ብድር ከተሠሩት ቤቶች፣ ቤቴል ደግሞ ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ በዕብራይስጥ የእግዚአብሔር ቤት ማለት ነው። ለአራቱም ሰፈሮች ስም አውጪ አልተቀጠረም። የነዳጅ ኩባንያው በ2013 ዓ.ም. ስሙን ቶታል ኢነርጂስ ብሎ ቢለውጥም፣ ታክሲ ውስጥ የሚሰማው ያው «ቶታል ጋ ወራጅ አለ» ነው።

ወረፋው 17 ደቂቃ ፈጀ፤ ሒሳቡ 20 ብር ነው። በመስኮት በኩል ያየሁትን መኪና በሰው አጠራር ስመዘግበው 6 ሲኖትራክ፣ 4 ኢሱዙ፣ 3 ሃይገር፣ 22 ባጃጅ ሆነ። አራቱም የፋብሪካ ስሞች ናቸው። ከ22ቱ ባጃጆች ቢያንስ አምስቱ ላይ ቲቪኤስ የሚል ጽሑፍ አለ። ሁለቱም የህንድ ኩባንያዎች ናቸው፤ ቲቪኤስ ግን እዚህ አገር የሚጠራው በተፎካካሪው ስም ነው። እኔ የቲቪኤስ አማካሪ ብሆን ምን እንደምመክር እስካሁን አላውቅም።

ቤቴል ታክሲ ተራ ወርጄ ወደ ቤቴል ሆስፒታል አቅጣጫ በቀኝ ጠርዝ ብቻ ሄድኩ። 300 እርምጃ ውስጥ 64 ሰሌዳ አለ። ከነዚህ 7ቱ የባንክ ቅርንጫፎች ናቸው። የንግድ ባንክን ሐምራዊና የአቢሲኒያን ቢጫ ፊደሉን ሳላነብ ከመንገዱ ማዶ እለያቸዋለሁ፤ ከቀሩት አምስት ሦስቱ ሰማያዊ ስለሆኑ ተጠግቼ ማንበብ ነበረብኝ። ትንንሾቹ ሱቆች በር ላይ የተለጠፈው አብዛኛው የቴሌብርና የኤም ፔሳ ወረቀት ነው። ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ተጀመረ፣ ኤም ፔሳ ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ተከተለ። ሁለቱም በተለጠፉበት አንድ ሱቅ አሥር ደቂቃ ቆሜ ስሰማ፣ ስምንት ሰው ከፈለ፤ ስድስቱ «በቴሌ ልላክልህ?» አሉ። ኢትዮ ቴሌኮም ይህን ስም የያዘው በ2003 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊትም የሚባለው ቴሌ ነበር።

ከሱቁ 40 እርምጃ አልፎ አንድ ካፌ አለ። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ከአራት ዓመት በፊት ሦስት ሳምንት ሠርቼበት፣ 11 አማራጭ አቅርቤ፣ ባለቤቱ ስድስተኛውን መረጠ። ከግዕዝ የተወሰደ፣ ለጆሮ የሚጥም ስም ነው፤ ሰሌዳው አሁንም አለ፣ አንዱ ፊደል መብራቱ ጠፍቷል። በረንዳው ላይ 9 ጠረጴዛ፣ 6ቱ የተያዙ። ማኪያቶ 50 ብር፣ ሻይ 20። ከመንገዱ ወደ በረንዳው የሚያወጡት ደረጃዎች 14 ናቸው፣ ባለቤቱም ጉልበት ይፈትናል ብሎ ሊያፈርሳቸው ፈልጎ ነበር። ከጎኔ የተቀመጠችው ልጅ ስልክ ስታወራ «ደረጃው ጋ ነኝ፣ ነይ» አለቻት ጓደኛዋን። ሊስትሮው፣ ጥበቃውና የባጃጅ ሹፌሮቹም ደረጃው ነው የሚሉት። ሒሳብ የሚቀበለውን ልጅ የካፌውን ስም ስጠይቀው ደረሰኙን አይቶ ነገረኝ።

ከካፌው ቀጥሎ ያለው ፋርማሲ ለብቻው ይታያል። በቆየሁበት ጊዜ ሁለት ሴቶች «ሞዴስ» ጠየቁ፤ ሞዴስ የጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ምርት ስም ነበር፣ የተሰጣቸው ግን የሌላ ፋብሪካ እሽግ ነው። መደርደሪያው ላይ ያለው አስፒሪንም የባየር ኩባንያ ስም ነበር፣ በአሜሪካ ፍርድ ቤት በ1921 እ.ኤ.አ. የማንም እስኪሆን ድረስ።

ሰፈራችን መግቢያ ያለው ሱቅ ሁለት ሜትር በሦስት ነው፤ ከሳሙናው መደርደሪያ ጋር ብዙ ቆየሁ። የዱቄት ሳሙና አምስት ዓይነት አለ፣ ትንሹ እሽግ ከ10 እስከ 15 ብር። አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ መጥታ «ጋሼ፣ ኦሞ ስጠኝ» አለች። ባለ ሱቁም ዞር ሳይል «የትኛውን ኦሞ?» አላት። «ሮሉን።» ሮል የጎረቤታችን የረጲ ሳሙና ፋብሪካ ምርት ነው። ይኸው ፋብሪካ ያወጣው ላርጎ በበኩሉ የፈሳሽ ሳሙና ሁሉ መጠሪያ ሆኗል። አንድ መደርደሪያ ላይ የረጲው ፋብሪካ በዱቄቱ የባዕድ ስም ተሸክሞ፣ በፈሳሹ ስሙን ለሌሎች አውሷል ማለት ነው። ኦሞን የሚሠራው ዩኒሊቨር ዱከም ፋብሪካ አለው፤ ልጅቷ ከጠራችው ስም ግን ዛሬ አንድ ሳንቲም አላገኘም።

ከሱቁ ትይዩ ያለው ቢራ ቤት ነገሩን ይገለብጠዋል። እዚህ ማንም ሰው ጊዮርጊስ አዝዞ ሐረር ቢመጣለት አይቀበልም። ጊዮርጊስ ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ የሚጠመቅ ነው፤ ዋልያና ሐበሻ ግን አሥር ዓመት ያለፋቸው ብቻ ናቸው፣ ጠጪዎቻቸውም እንደዚያው አይለዋወጡም። የአልኮል ማስታወቂያ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ወጥቷል። ጠጪው ግን ስሙን ሳይስት ያዛል። ኦሞ ያላገኘውን ነገር ቢራ አግኝቷል፤ ምናልባት ጠርሙሱ ጠረጴዛ ላይ ስሙን ለሰው አዙሮ ስለሚቀመጥ፣ ሳሙና ግን ጓዳ ስለሚገባ ይሆናል። ይህን ለደንበኛ ነግሬ አላውቅም፣ ማስረጃ የለኝም።

ከዚያ እስከ ቤት ባጃጅ 30 ብር ነው። በኮብልስቶኑ በእግር ሄድኩ፣ 410 እርምጃ።

ማጀቱ ውስጥ ያለው ስም ከመንገዱ ይበዛል። እናቴ ጤፍ የምታስቀምጥበት የቀለም ባልዲ አሁንም የቀለም ፋብሪካውን ስም ይዟል። ቅመሙ በቡና ቆርቆሮ፣ ስኳሩ በወተት ዱቄት ጣሳ ነው። መስኮቱ ሥር ባዶ ሃይላንድ ተደርድሯል፤ ስቆጥረው 23። ሦስቱ ውስጥ ኑግ ዘይት አለ፣ በአንዱ በረኪና፤ ቀሪዎቹ 19 ባዶ ናቸው። አንድ በአንድ አገላብጬ ስማቸውን አነበብኩ፦ የስድስት ድርጅት ውሃ ነው፣ ሃይላንድ የሚል አንድም የለም።

«እማዬ፣ ሃይላንድ የሚባለውን ውሃ መቼ ነው የገዛሽው?»

«ምን ማለትህ ነው? ትናንት አንድ እሽግ ሙሉ አላመጣህም እንዴ?»

ከውጭ «ቆራሌው!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። እሱ አንዱን በ3 ብር አለ፣ እሷ በ5። ትልልቆቹን 12 ሃይላንድ በ4 ብር ሰጥታው 48 ብር ይዛ ገባች፤ ትንንሾቹን 7 ለኑግ ያስፈልጋሉ ብላ ወደ መስኮቱ ሥር መለሰቻቸው።