ሙሌት ላይ የሚለጠፍ ብራኬት

ቤታችሁ ብሬስ ያሰረ ልጅ ካለ ይህችን ስሞታ ሳትሰሟት አትቀሩም፦ «ሌሎቹ ደህና ናቸው፤ ያቺ አንዷ ግን ደግሞ ወለቀች!» እናት ቆሎውን ትረግማለች፣ ልጁ ሐኪሙን። ቆሎው አንዳንዴ እርግማኑ ይገባዋል። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ያ ጥርስ ተሞልቶ ያውቃል?

ለምን መሰላችሁ? ብራኬት፣ የብሬሱን ሽቦ የምትይዘው ትንሿ ቁራጭ፣ ጥርስ ላይ የምትቆየው በሙጫው ጉልበት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1955 ማይክል ቡኦኖኮሬ የተባለ ተመራማሪ የጥርስን ሽፋን በፎስፎሪክ አሲድ ከነኩት ሙጫ አጥብቆ እንደሚይዝ አሳየ። የእሱ አሲድ 85 በመቶ ነበር፤ የዛሬ ሐኪሞች 37 በመቶ ገደማ የሆነውን ጄል ከ15 እስከ 30 ሰከንድ ያቆዩታል፣ ያጥቡታል፣ ያደርቁታል። ያን ጊዜ ጥርሱ ማብረቁን ትቶ ነጣ ይላል። አሲዱ ዓይን የማያየውን ቀዳዳ ቦርቡሯል፤ ሙጫው እዚያ ሰርጎ ይደርቃል።

ሙሌት ላይ ግን ይኸው አሲድ ሥራ ይፈታል። ነጩ ሙሌት፣ ኮምፖዚት የሚሉት፣ የሬዚንና የመስታወት ዱቄት ድብልቅ ነው፤ አሲዱ ቢያጸዳው እንጂ አይቦረቡረውም። ትኩስ ሳለ ሌላ ኮምፖዚት ቢደርቡበት ይዋሃዳል። አፍ ውስጥ ዓመታት ሲከርም ግን ውኃ ይጠጣል፣ ከአዲሱ ሙጫ ጋር የሚተሳሰርበት አቅሙም ያልቃል። ጎሚስታ የተቀደደ የውስጥ ጎማ ሳይፍቅ ማስቲሽ ቀብቶ ሲለጥፍ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሐኪሙም እንደዚያው መፋቅ አለበት። አንዱ መንገድ በአልማዝ መፍጫ ጫር ጫር ማድረግ ነው። ሌላው እስክሪብቶ በምታክል መርጫ፣ 50 ማይክሮን የሆነ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ብናኝ በአየር ግፊት መርጨት ነው። ብናኙ አፍንጫና ዓይን ስለማይምር ልጁ መነጽር ያደርጋል፤ ረዳቷ ከሥር ከሥር መምጠጫዋን ይዛ ትከተላለች። ከዚያ በኋላ ፕራይመር፣ ማለትም ሙጫው እንዲይዝ ቀድሞ የሚቀባ ፈሳሽ፣ ወይም ሲሌን ይቀባል፤ ሲሌን በአንድ ወገኑ ከመስታወቱ፣ በሌላው ከሙጫው ጋር የሚተሳሰር ፈሳሽ ነው።

ጥቁሩ ሙሌት፣ አማልጋም፣ ብረት ስለሆነ ብናኙን ከረጩበት በኋላ ለብረት የተሠራ ፕራይመር ይፈልጋል። መንጋጋ ላይ ከሆነ ግን እንደ እኔ እንደ እኔ ከሙጫ ጋር መታገሉን ትቶ ጥርሱን ዙሪያውን የሚይዝ የብረት ቀለበት ማጥለቅ ይሻላል።

አስቸጋሪው የጥርስ ሽፋን የሚሠራበት ፖርሴሊን ነው። እሱን የሚበላው ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ነው፤ 9.6 በመቶ የሆነው ከ2 እስከ 4 ደቂቃ ይቀመጣል፣ ከዚያ ሲሌን ይከተላል። ይህ አሲድ ግን ሥጋ ያቃጥላል። ድዱን ሳይሸፍን የሚጠቀምበት ባለሙያ ካያችሁ ወንበሩን ለቃችሁ ብትነሡ አልፈርድባችሁም።

ስምጥ ሸለቆ ያደጋችሁ፣ በተለይ ወንጂ አካባቢ፣ የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ ጥርስን እንዴት እንደሚያበልዝ ታውቃላችሁ። የዚያ ጥርስ የላይኛው ሽፋን አሲድን ስለሚቋቋም ብሬስ ሲታሰር አሲዱን ማቆየት ወይም ላዩን ስስ አድርጎ መፋቅ ያስፈልጋል። ብልዙን በኮምፖዚት ያስሸፈነ ሰው ደግሞ የፊት ለፊት ጥርሱ ሁሉ ሙሌት ሆነ ማለት ነው፤ ሳይነገረው ሐኪሙ ላያስተውለው ይችላል።

«እንግዲያው በጣም ጠንካራውን ሙጫ ለምን አይጠቀሙም?» የሚል አይጠፋም። ብራኬቷ እኮ አንድ ቀን መነሣት አለባት! ሬይኖልድስ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1975 ከ6 እስከ 8 ሜጋፓስካል የሚሆን ጥንካሬ ይበቃል ብሎ ነበር፤ ዛሬም የሚጠቀሰው እሱ ነው። ከዚያ እጅግ ካለፈ ብራኬቷ ስትነሣ ሙሌቱን ገንጥላ፣ ፖርሴሊኑን ሰንጥቃ ልትሄድ ትችላለች።

ስለዚህ ብሬሱ ከመታሰሩ በፊት የትኛው ጥርስ እንደተሞላ፣ ካወቃችሁም በምን እንደተሞላ ለሐኪሙ ንገሩት። ብሬሱ ሲፈታ የተፋቀው ሙሌት እንደገና መወልወል፣ አንዳንዴም መለወጥ ይኖርበታል፤ የእሱን ሒሳብ ገና ስትጀምሩ ጠይቁ።