እጮኛዬ አድማ በታኝ ነው
ጓደኞቼ «ዱላ ከለመደ እጅ ጋር ምን ትዳር አለ?» ይሉኛል። እጮኛዬ አድማ በታኝ ፖሊስ ነዋ! እውነቱን ለመናገር እኔም እሰጋለሁ፤ ለግዳጅ ወጥቶ ስልኩ ሲዘጋ እንቅልፍ በዓይኔ አይዞርም።

የኛ የአርባ ምንጭ ሰው ግን ሌላም አድማ መበተኛ ያውቃል። መስከረም 2011 ዓ.ም. የቡራዩ ግድያ ተሰምቶ ወጣቱ ለበቀል ሲነሳ፣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ፊቱ ተንበረከኩ። ሣሩን መሻገር ነውር ነውና ወጣቱ ተመለሰ።

ጫሞ ዳር ቁጭ ብለን «አንተ ብትኖርስ?» አልኩት። «ጋሻዬን አስቀምጬ አብሬ እንበረከካለሁ።» «እኛ ስንጣላስ?» ዝም አለ። ቆይቶ «ሣሩን አንቺ ያዢልኝ» አለኝ። ሣቅኩ፤ ግን አልበቃኝም። ሣሩን እንዲይዝ የምፈልገው እሱን ነው።

እህቶቼ፣ የደንብ ልብሱን ተዉትና ሲቆጣ እጁ ወዴት እንደሚሄድ እዩ። እኔም የሠርጉን ቀን የምቆርጠው እሱን ካየሁ በኋላ ነው።