ከሺንሺቾ እስከ ሐምበሪቾ ግርጌ

በሆሳዕና በማስተምርበት ክፍል ስለ አገራችን የአየር ጠባይ እያስረዳሁ ሳለሁ፥ «ቆላ፥ ወይና ደጋ፥ ደጋ» ብዬ በሰሌዳው ላይ ጽፌ ዞር ስል፥ አንዲት ተማሪ እጅዋን አንሥታ፥ «መምህር፥ ወይና ደጋ የተባለው በወይን ምክንያት ከሆነ፥ ወይኑ ታዲያ የት አለ?» አለችኝ። ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ያለው ምድር በዚህ ስም እንደሚጠራ፥ እኛም ራሳችን በዚሁ ምድር ላይ እንደ ተቀመጥን ነገርኋት። የጠየቀችው ግን ይህን አልነበረም።

ጥያቄው እስከ ቤቴ ተከተለኝ። እኔ በልጅነቴ በዲቁና ሳገለግል በቤተ ልሔም ዘቢቡ በውኃ ሲዘፈዘፍና ሲጨመቅ እያየሁና እየረዳሁ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ዳሩ ግን የወይን ተክል በዓይኔ ያየሁት ጢሜ ካበቀለ በኋላ ነው። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን ተቀምጦ ባየው ሁሉ ላይ በጻፈው መጽሐፍ፥ የቅዳሴው ወይን ከዘቢብ ተጨምቆ እንደሚዘጋጅ መስክሯል። በዘመናችንም በዝዋይ ሐይቅ አጠገብ፥ ዛሬ ባቱ በምትባለው ከተማ፥ የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ ሰፊ የወይን ተክል ተክሎ እ.ኤ.አ. በ2014 የመጀመሪያውን ጠርሙስ ለገበያ አቅርቦ ነበር። ይህን ሁሉ ለልጅቱ በማግሥቱ ነገርኋት፤ «እንግዲያው የእኛስ ኮረብታ?» ብላ ዝም አሰኘችኝ።

እኅቴ ባል አግብታ የምትኖረው በሺንሺቾ ነው። የበኵር ልጅዋ በጥቅምት ወር መጨረሻ ስልክ ደውሎ፥ ሁለት የኤሌክትሪክ ብስክሌት ከአዲስ አበባ ገዝቶ እንዳመጣና መጥቼ እንዳይለት ለመነኝ። በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሄደው ነገር በከተሞቻችን መብዛቱን አውቃለሁ፤ ነገር ግን ሺንሺቾ ደርሶ ማየቴ አስገረመኝ። የልጁ ሐሳብ እንዲህ ነበር። በኢጣልያ በቶስካና፥ በፈረንሳይም በአልዛስ፥ እንግዶች የኤሌክትሪክ ብስክሌት ተከራይተው፥ ካርታ ብቻ ይዘው፥ ያለ መሪ በወይን ኮረብታዎች መካከል ሲዞሩ ይውላሉ፤ በየመንደሩ እየወረዱም ወይኑን ይቀምሳሉ። «የሐምበሪቾን ተራራ ለማየት የሚመጣ ሰው አለ፤ እኛስ ለምን እንዲሁ አናደርግም?» አለኝ። «ወይኑስ?» ብለው፥ «እንሰት አለን፥ ጋሼ» ሲል መለሰልኝ።

ሣቅሁ። ሣቄ ግን ብዙ አልቆየም፤ የነገሩን ሥር አውቀዋለሁና። የአባቱ መተዳደሪያ ዝንጅብል ነበር። በ2004 ዓ.ም. ገደማ የዝንጅብል አጠውልግ የተባለው በሽታ በዚህ አገር ሲነሣ ማሳው ሥሩ በስብሶ ቀረ፤ ልጆቹ የሚማሩበት ገንዘብም አብሮ ቀረ። ከከምባታና ከሐዲያ ብዙ ጎልማሶች በኬንያ፥ በታንዛኒያ፥ በማላዊና በሞዛምቢክ አቋርጠው ወደ ደቡብ አፍሪካ እንደሚሄዱ ይህን የሚያነብ ቤተሰብ ሁሉ ሳይሰማ አይቀርም። የእኅቴ ልጅ አብሮ አደጎች አብዛኞቹ ሄደዋል፤ ከእነርሱም አንዱ ከሄደ ሦስተኛ ዓመቱን ሲይዝ እናቱ ድምፁን አልሰማችም። «አንድ ሰው ካርታዬን ብቻ ይዞ ዞሮ በሰላም ከተመለሰ እንግዳም ይመጣል፤ ካልሆነ ግን ብስክሌቶቹን ሸጬ...» ብሎ ቃሉን ሳይጨርስ ተወው። እናቱ ፊትዋን ወደ ምድጃው መለሰች።

ስለዚህ ቅዳሜ ማለዳ፥ ጉልበቴ እንደ ቀድሞው እንዳልሆነ እያወቅሁ፥ ብስክሌቱ ላይ ወጣሁ።

ገና ሳልነሣ አንድ መጥፎ ነገር ገጠመን። ሌሊቱን መብራት ጠፍቶ ስላደረ ባትሪው አልሞላም፤ ከአምስቱ ምልክቶች የበሩት ሦስቱ ብቻ ነበሩ። የእኅቴ ልጅ ለሌላ ቀን እናድርገው ቢለኝም፥ እንግዳ ሆኖ የመጣ ሰው ሌላ ቀን የለውምና እሄዳለሁ አልሁ። ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ የሣለውን ካርታ ኪሴ አደረግሁ።

ይህን ብስክሌት ላላያችሁ ጥቂት ልንገራችሁ። ሞተሩ ሰውየውን ተሸክሞ የሚሄድ አይደለም፤ ፔዳሉን ስትረግጡ ይረዳችኋል፥ ስታቆሙ ያቆማል። በአውሮፓ ሕግ የሞተሩ ኀይል ከ250 ዋት እንዳይበልጥ፥ ፍጥነቱም በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ሲደርስ እርዳታውን እንዲያቋርጥ ተደንግጓል። የመጀመሪያውን ዐቀበት ስጀምር አንድ ሰው ከኋላዬ የገፋኝ መስሎኝ ዞሬ አየሁ፤ ማንም አልነበረም። ከዚያ በኋላ ግን ብቻዬን የሆንሁበት ደቂቃ አላስታውስም። ሕፃናቱ ከየአጥሩ እየወጡ ይከተሉኛል፤ ብስክሌቱ ያለ ድምፅ ዐቀበት ሲወጣ አይተው እያጨበጨቡ ይሮጣሉ። ከብት የሚነዱ ሽማግሌዎችም ቆመው ከየት እንደ መጣሁ፥ ወዴትም እንደምሄድ ሳይጠይቁ አያሳልፉኝም። በዚህ አገር ሰው በሰው ላይ ተጠጋግቶ ይኖራል፤ ከአንዱ ቤት ጢስ ሳይወጡ ወደ ሌላው ጢስ ይገባሉ።

ከቤቶቹ በስተ ጀርባ ያለው እንሰት ነው። ችግኙ በአንድ ወገን፥ ጎልማሳው በሌላ ወገን፥ ለምግብ የደረሰው ደግሞ ለብቻው እንደ ዕድሜው ተሰልፎ ቆሟል። ጥቂት ውኃ ለመለመን ወደ አንድ ግቢ ጎራ ስል፥ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ከሁለት ሴቶች ጋር እንሰት ሲፍቁ ደረስሁ። የእኔ ከምባትኛ ከሰላምታ አያልፍም፤ የልጅ ልጃቸው፥ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ፥ አስተርጓሚ ሆነችልን።

ግንዱን ገላጣጥለው በዘንበል ጣውላ ላይ እያስደገፉ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ይፍቁታል፤ ሥጋው ወደ ታች ሲወርድ ቃጫው በእጃቸው ይቀራል። የወረደውን ጨምቀው ከውኃው የሚዘቅጠው ነጭ ዱቄት ቡላ ይሆናል፤ የቀረው ደግሞ በእንሰት ቅጠል በተለበጠ ጕድጓድ ገብቶ፥ ተሸፍኖና ድንጋይ ተጭኖት፥ ለሳምንታት፥ አንዳንዴም ለወራት እየቦካ ይቀመጣል። እናቲቱ የአንዱን ጕድጓድ ክዳን ገለጥ አድርገው አሸተቱኝ። ሽታው ላለመደ ሰው ይከብዳል፤ እርሳቸው ግን ጣታቸውን ነክረው ቀመሱና፥ ይህኛው ገና ነው፥ ያኛው ግን ደርሷል ብለው ሌላውን አሳዩኝ። የፈረንጅ ወይን ጠማቂ በምድር ቤቱ በርሜሎቹን እየቀመሰ እንደሚሄድ ያነበብሁት ትዝ አለኝ፤ የእኅቴ ልጅ መልስም ያን ጊዜ ገባኝ። ልዩነቱ፥ ወይን ሳይጠጣ የሚያድር ሰው አይሞትም። በ1977ቱ ረኃብ ዘመን እህል ብቻ የሚያርሱት አገሮች ባለቁበት ጊዜ የእንሰት አገሮች ይበልጥ ጸንተው መቆየታቸውን ሊቃውንቱ ጽፈውታል፤ ዛሬም በአገራችን ወደ ሃያ ሚሊዮን የሚሆን ሕዝብ በእርሱ ይመገባል።

ለብቻው የቆመ አንድ እንሰት ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ወደ ታች ተንጠልጥሎ አየሁና ጠየቅሁ። አጠውልግ ነው አሉኝ፤ የእንሰቱም እንደ ዝንጅብሉ ማለት ነው። የተነካውን የቆረጠ ቢላዋ ጤነኛውን ቢነካ በሽታው ይተላለፋል፤ ስለዚህ እናቲቱ አንዱን ቆርጠው ወደ ሌላው ከመሄዳቸው በፊት ስለቱን በእሳት ላይ ያሳልፉታል። እርሻ ያስተማራቸው ሰው ነግሯቸው ኖሮ፥ «ጎረቤቴ ግን አይሰማም፤ የእርሱ ቢላዋ የእኔን ይገድላል» አሉ በልጅቱ አፍ።

ቅዳሜ ፍስክ ነበርና ትኩስ ቆጮ ከዓይብና ከጎመን ጋር ቀረበልኝ፥ ቡናም ተፈላ። ስነሣ ገንዘብ ባወጣ እናቲቱ ፊታቸው ተለወጠ። ልጅቱ ሳትተረጉመው ገባኝ፤ ገንዘቡን መለስሁ። በቶስካና የቀመሰ ይከፍላል፤ እዚህ ግን የተቀበለ እንግዳ አይከፍልም። የእኅቴ ልጅ ይህን በሒሳቡ ውስጥ አስገብቶት ይሆን እያልሁ ወደ መንገዴ ተመለስሁ።

ከፍ ካለው ኮረብታ ላይ ስደርስ ሐምበሪቾ ፊት ለፊቴ ቆመ። ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ የከምባታ አባቶች የነገዶቻቸውን መነሻ ከዚያ ይቆጥራሉ። ከዚህ ከፍተኛ ምድር ወደ ምዕራብ የሚወርደው ውኃ ወደ ኦሞ ይገባል፤ ወደ ምሥራቅ የሚወርደው ደግሞ ወደ ብላቴ፥ ከዚያም ወደ አባያ ሐይቅ። ኦሞ ላይ የተሠራውና በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የግልገል ጊቤ ሦስተኛው ግድብ 1,870 ሜጋ ዋት ያመነጫል። እንግዲህ በእነዚህ ኮረብታዎች ላይ የዘነበው ዝናብ ወርዶ፥ ተርባይኑን አዙሮ፥ ከሌላው ኀይል ጋር ተደባልቆ በሽቦ ተመልሶ እኔን ወደ ኮረብታው ይገፋኛል ማለት ነው። ይህን ለተማሪዎቼ እነግራለሁ ብዬ በማስታወሻዬ ጻፍሁት። መብራቱ ሌሊት ባይጠፋ ደግሞ ይበልጥ ደስ ባለኝ ነበር።

ከተራራው ግርጌ ደርሼ ወደ ጫፉ የሚያወጣውን የ777 እርከን ደረጃ ወደ ላይ ተመለከትሁ። ጉልበቴም ተመለከተው። ለሌላ ቀን ይሁን ብለን ተስማማን።

ችግሩ የመጣው በመመለሻው ላይ ነው። ካርታው «ትልቁ ዛፍ ዘንድ ወደ ግራ» ይላል። እዚያ ለተወለደ ልጅ ትልቁ ዛፍ አንድ ነው፤ እኔ ግን ሦስት ትልልቅ ዛፎች አገኘሁ። በመጀመሪያው ታጥፌ ረጅም ቁልቁለት ከወረድሁ በኋላ መንገዱ ከወንዝ ዳር አልቆ ጠፋ። ያን ሁሉ ቁልቁለት መልሼ ስወጣው ከሦስቱ ምልክቶች አንድ ብቻ ቀረ፤ ጥቂት ቆይቶም ያቺው ትርገበገብ ጀመር። ሞተሩ እርዳታውን ሲያቆም ብስክሌቱ ከተራው ብስክሌት ይልቅ ከባድ ነው፤ ወርጄ እየገፋሁ ስሄድ ላቤ እስከ ጫማዬ ወረደ። ከልጁ ካርታ ይልቅ የልጁ ነገር ይከነክነኝ ጀመር፤ እየገፋሁ ከገባሁ ምን እንደሚል አውቃለሁና።

ከሩቅ የወፍጮ ድምፅ ሰማሁ። መብራት መጥቷል ማለት ነው! በቆሎና ስንዴ የያዙ ሴቶች በሰልፍ በተቀመጡበት ወፍጮ ቤት በር ደርሼ፥ ፊቱ ሁሉ በዱቄት የነጣውን ባለወፍጮ ባትሪዬን እንዲሰካልኝ ለመንሁት። ባትሪውን ገልብጦ አየና፥ «ይህ ደግሞ ስንት ኩንታል ይፈጫል?» ብሎ ሴቶቹን አሣቃቸው። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል በጆንያ ላይ ተቀምጬ ቆየሁ። ከተቀመጡት አንዲቱ ልጅዋ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ እንዳለው ነገረችኝ፤ ቆርቆሮ ቤት እንዳሠራላት፥ ነገር ግን በመስቀል በዓል ስንት ዓመት ሙሉ ወንበሩ ባዶ እንደሚሆን ጨምራ ተናገረች። ባለወፍጮው የኤሌክትሪኩን ዋጋ ተቀበለኝ፥ ያውም ጥቂት ነው። ከሁሉም ይበልጥ የረዳኝ ግን፥ እውነተኛው ትልቁ ዛፍ የትኛው እንደ ሆነ ማሳየቱ ነው።

ፀሐይ ስትጠልቅ ከሺንሺቾ መግቢያ ደረስሁ። የእኅቴ ልጅ ሁለተኛውን ብስክሌት ይዞ መንገድ ዳር ቆሞ ነበር፤ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደ ቆመ አልነገረኝም። «ጋሼ፥ ተመለሱ?» ብቻ አለ።

በማግሥቱ ከቅዳሴ መልስ ቁርስ ላይ ያየሁትን ሁሉ ሳላስቀር ነገርሁት። ካርታው ለባዕድ የሚሆን እንዳልሆነ፥ ባትሪው ሳይሞላ እንግዳ ማሰናበት እንደማይገባ፥ ወፍጮ ቤቱ ግን ባይኖር ኖሮ እኔም እንዳልኖርሁ። ስለ ገንዘቡና ስለ እናቲቱም ነገርሁት። በዚህ ጊዜ እናቱ፥ «ማን ከእንግዳው ይቀበላል!» ብላ ጣልቃ ገባች፤ እርሱ ደግሞ ከየቤቱ ጋር አስቀድሞ ተዋውሎ ራሱ ሊከፍል እንደሚችል አስረዳት፤ እርስዋም አልተዋጠላትም። እኔ ከእርሱ ጋር ነኝ፤ ቆጮ የዓመታት ድካም ነውና። ቢሆንም ለእኅቴ ይህን በፊትዋ አልተናገርሁም።

ወደ ሆሳዕና የሚሄደውን መኪና ለመያዝ ስነሣ፥ ልጁ አዲስ ወረቀት ዘርግቶ ካርታውን እንደ ገና ይሥል ነበር። ሦስቱንም ዛፎች ሥሏል፤ ወፍጮ ቤቱንም አስገብቶ በአጠገቡ የመብራት ምልክት አድርጎበታል። ከዚያ እርሳሱን እንሰቱ ግቢ ላይ አቁሞ ቀና አለና፥ «ጋሼ፥ እማማን ምን ብዬ ልጻፋቸው?» አለኝ። አስቀድሞ ሄዶ ራሳቸውን እንዲጠይቃቸው ነገርሁት፤ ብስክሌቱንም ከግድግዳው አውርዶ ወጣ።