ስለ አንድ ወጣት ፈረስ የመጀመሪያ ሩጫ

የፈረስ እሽቅድምድም ወዳጆች አንድ ክፉ ልማድ አላቸው፤ ወጣቱ ፈረስ በመጀመሪያው ቀን ያልቀደመ እንደ ሆነ «ከንቱ ነው» ብለው ይጥሉታል፤ ባለቤቱ ደግሞ መቶ ምክንያት ይደረድርለታል። ሁለቱም ያዩት ስንተኛ ሆኖ እንደ ገባ ነው እንጂ ፈረሱን አላዩትም። እኔ በእሽቅድምድም ገንዘብ የማስይዝ ሰው አይደለሁም፤ ነገር ግን ስለ ፈረስ የተጻፈውን ማንበብ ስለምወድ የአሜሪቃውን የሴክሬታሪያትን ነገር ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ።

ይህ መጋላ ፈረስ በቨርጂንያ በማርች 30 ቀን 1970 (ዘመኑን በፈረንጆች አቈጣጠር እጽፋለሁ) ተወለደ። በዚያ አገር የእሽቅድምድም ሕግ የፈረስ ሁሉ ዕድሜ የሚቈጠረው ከጃንዩዌሪ 1 ቀን ጀምሮ ስለ ሆነ፥ በዓመቱ መጀመሪያ የተወለደውና ከአራት ወር በኋላ የተወለደው እኩያ ተብለው አብረው ይሮጣሉ። በሁለት ዓመት ፈረስ አጥንትና ጡንቻ ላይ ግን አራት ወር ቀላል ነገር አይደለም።

ሴክሬታሪያት በጁላይ 4 ቀን 1972 በኒው ዮርክ በአኩዌዳክት ሜዳ መጀመሪያ ሲሮጥ፥ መንገዱ 1,100 ሜትር ያህል ብቻ ነበረ። ገና ሲነሡ ሌላ ፈረስ በብርቱ ገጨው፤ ወደ ኋላም ቀረ፤ መንገድም ታጠረበት። ዳሩ ግን በመጨረሻው ላይ ፊተኞቹን እያለፈ አራተኛ ሆኖ ገባ፤ ከቀዳሚው ያነሰውም በአንድ ፈረስ ተሩብ ርዝመት ብቻ ነው። «አራተኛ» የምትለው ቃል ይህን ሁሉ ትሸፍነዋለች። እኔ ብጠየቅ ከሁሉ አስቀድሜ የምመለከተው ከተገጨ በኋላ ያደረገውን ነው፤ ብዙ ወጣት ፈረስ እንዲህ ሲደርስበት ደንግጦ ይቀራልና፤ በአጭር መንገድም የጠፋውን ለመመለስ ጊዜ የለም። ከ11 ቀን በኋላ በስድስት ፈረስ ርዝመት ቀደመ።

ምክንያትን መቀበል ግን ጥንቃቄ ይሻል። በኤፕሪል 21 ቀን 1973 በዉድ ሜሞሪያል ሦስተኛ በሆነ ጊዜ (የቀደመው አንግል ላይት የዚያው የአሠልጣኙ የሉስየን ሎሪን ፈረስ መሆኑ ያስገርማል) ረጅም መንገድ አይችልም የሚሉ በዙ። በላይኛው ከንፈሩ ውስጥ ግን መግል የቋጠረ እብጠት ነበረ፤ ልጓሙ ሲሳብ ያመዋል። ይህ በእጅ የሚዳሰስ ምክንያት ነው፤ «ቀኑ አልነበረም» ከሚለው የባለቤት ወሬ ጋራ አንድ አይደለም። ከ2 ሳምንት በኋላ በኬንታኪ ደርቢ 2,000 ሜትር የሚያህለውን መንገድ በ1 ደቂቃ ከ59 ሰኮንድ ከ2/5 ፈጸመው፤ መንገዱን በአምስት ከፍለው ቢለኩት፥ እያንዳንዱ ክፍል ከፊተኛው የፈጠነ ሆኖ ተገኘ።

ሲቢስኪት የተባለው ፈረስ ግን የሚያይለት ሰው ቶሎ አላገኘም። የመጀመሪያዎቹን 17 ሩጫዎች አላሸነፈም፤ በ1935 ገና ሁለት ዓመት ሳለ 35 ጊዜ አሮጡት፤ በ1936 በ8,000 ዶላር ሸጡት። እንደ እኔ አሳብ 35 ጊዜ ማሮጥ 35 ጊዜ ማየት አይደለም። አዲሱ አሠልጣኝ ቶም ስሚዝ ፈረሱ ደክሞና ተረብሾ ስላገኘው አሳረፈው፤ በጋጣውም ሌላ ፈረስ ጓደኛ አድርጎ አቆመለት። በኖቬምበር 1 ቀን 1938 ሲቢስኪት ከገናናው ከዋር አድሚራል ጋራ ሁለቱ ብቻ ሲሽቀዳደሙ በአራት ፈረስ ርዝመት ቀደመው።