ለአባት የሚሆን የድምፅ መሣሪያ

ስጦታ ሁለት ፊት አለው። አንደኛው ፊቱ ወደ ሰጪው የዞረ ሲሆን ሁለተኛው ወደ ተቀባዩ የዞረ ነው። ወደ ሰጪው የዞረው «ማን አመጣው? ስንት አወጣ?» የሚያሰኘው ነው፤ ወደ ተቀባዩ የዞረው ግን «በምን ቀን፣ በምን ሰዓት፣ በማን እጅ ይሠራበታል?» የሚል ጥያቄ ይዞ ይቆማል። ብዙዎቻችን ለወዳጅ ወይም ለወላጅ የሚሆን ዕቃ ስንገዛ በመጀመሪያው ጥያቄ ስንደክም እንውላለን። ሁለተኛው ጥያቄ የሚነሣው ዕቃው ከሣጥኑ ወጥቶ በመደርደሪያ ላይ አቧራ መልበስ ከጀመረ በኋላ ነው።

በተለይም በእጅ ተይዞ የትም የሚሄድ የዘፈንና የንግግር ማጫወቻ ለስጦታ ሲመረጥ ይህ ልዩነት ጎልቶ ይታያል። ጫማ ቢጠብ ወዲያው ይታወቃል፤ ጋቢ ቢያጥር ወዲያው ይታያል። የማጫወቻ ልክ ግን የሚታወቀው በገበያ ላይ ሳይሆን ተቀባዩ ብቻውን በሚሆንበት ሌሊት ነው።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ በቤተ ሰባችን መካከል የተነሣ አንድ ክርክር ነው። እኔ በደብረ ማርቆስ ከተማ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። አባቴ ከከተማው በስተ ሰሜን በስናን ወረዳ፣ በጮቄ ተራራ ግርጌ፣ ገብስና ድንች እያረሱ፣ በግም እያረቡ ይኖራሉ። ዕድሜያቸው ከ75 ዓመት በላይ ነው፤ ዐይናቸውም ደክሟል። እናታችን ካረፉ ሦስት ዓመት ሆነ። ከዚያ ወዲህ በቤቱ ውስጥ ከአባቴ ጋር የሚያድረው በጎቹን የሚጠብቅ አንድ የልጅ ልጃቸው ብቻ ነው። ወደ ከተማ እንዲመጡ ብዙ ጊዜ ለመንናቸው፤ እርሳቸው ግን «መሬቴንና የእናታችሁን መቃብር ለማን ትቼ?» እያሉ እምቢ አሉን።

እንግዲህ ልጆቻቸው አራት ነን። ታላቅ ወንድማችን በአዲስ አበባ ይነግዳል፤ አንዲቱ እኅቴ በባሕር ዳር መምህርት ናት፤ ታናሻችን ከስድስት ዓመት በፊት ወደ ዐረብ አገር ሄዳ በሰው ቤት ትሠራለች። ሁላችንም ገንዘብ አዋጥተን ለአባታችን የሚያጫውታቸው አንድ መሣሪያ ለመግዛት ተስማማን። ስለ ዓይነቱ ግን አልተስማማንም።

ታላቅ ወንድሜ መብራቱ የሚብለጨለጭ ትልቅ ድምፅ ማጉያ ይገዛ አለ፤ «ጎረቤቱ ሁሉ ይስማ፤ የእገሌ ልጆች ገዙለት ይባል» የሚል ሐሳብ ነበረው። መምህርቷ በኪስ የምትገባ፣ በጆሮ ማዳመጫ የምትሰማ ትንሽ ማጫወቻ መረጠች። ታናሿ ደግሞ ከሁላችንም የበለጠ ገንዘብ ለመላክ ተዘጋጅታ ስለ ነበር በጣት የሚነካ ውድ ተንቀሳቃሽ ስልክ እንዲገዛ ፈለገች። የመምረጡና የመግዛቱ ኀላፊነት ቅርብ ላለሁት ለእኔ ተሰጠኝ።

በእኔ በኩል እያንዳንዱን ሐሳብ በአባቴ ቤት ውስጥ እንደ ተቀመጠ አድርጌ መረመርሁት። ትልቁ ድምፅ ማጉያ በየቀኑ በኤሌክትሪክ መሞላት አለበት፤ በአባቴ መንደር ግን የመብራት መስመር የለም። ለመሙላት ረቡዕ ገበያ ድረስ ተሸክሞ መሄድ ያስፈልጋል። ደግሞም በአገራችን ልማድ ጎረቤት ሐዘን በተቀመጠበት ሰሞን ዘፈን አይጮኽም። ስልኩ ምንም እንኳ የሚያኮራ ዕቃ ቢሆን፣ በሞፈርና በዕርፍ የሻከረ ጣት እንደ መስተዋት የለሰለሰውን ፊቱን ሲነካው አይታዘዝም፤ ዐይናቸውም በላዩ ያለውን ምልክት አይለይም። በዚያ ላይ በተራራው ግርጌ የስልክ መስመር አንዳንድ ቀን ይገኛል፣ አብዛኛውን ቀን ይጠፋል። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ማለት ይህ ነው። የጆሮ ማዳመጫው ደግሞ የባሰ ችግር አለበት። ዐይን የደከመበት ሰው በጆሮው ያያል። ከማዶ የሚጣራውን ጎረቤት፣ የበጎቹን መደናገጥ፣ የውሻውን አጯጯኽ አባቴ የሚያውቁት በጆሯቸው ነው። ጆሯቸውን መድፈን የቀረውን ዐይናቸውን መሸፈን ይሆናል።

በዚህ ሐሳብ ላይ ሳለሁ በጥቅምት ወር አባቴን ለመጠየቅ ሄድሁ። ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን «ምን ዓይነት ማጫወቻ እናምጣልዎት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ እንዲህ አሉኝ፦ «ራዲዮ ነበረኝ፤ ታውቀዋለህ። እርሱ ሲያወራ ይውላል፤ እኔ አንድ ቃል ብመልስለት ግን አይሰማኝም። እናትህ ካረፈች ወዲህ የሚናገረኝ አላጣሁም፤ ያጣሁት የሚሰማኝ ነው።»

ይህ ቃል በሥራዬ ምክንያት ከሌላው ሰው ይልቅ ለእኔ ይገባኛል። በመዝገብ ቤት ሁለት መዝገቦች አሉ፤ አንዱ የገቢ፣ አንዱ የወጪ ነው። ደብዳቤ እየገባለት መልስ የማይወጣበት መሥሪያ ቤት ሠራተኞቹ በወንበራቸው ቢኖሩም እንኳ የተዘጋ ቤት ነው። ለአባታችን ልንገዛላቸው የተከራከርንበት መሣሪያ ሁሉ ለገቢ ብቻ የታሰበ ነበር። ከአዲስ አበባ፣ ከባሕር ዳርና ከዐረብ አገር ድምፅ እንዲገባላቸው አሰብን፤ ከእርሳቸው ስለሚወጣው ግን ማንም አላነሣም ነበር።

ስለ እነዚህ መሣሪያዎች ታሪክ ስናነብብም ይኸው ነገር ይገጥመናል። ኤዲሰን በ1870 ዓ.ም. የፈለሰፈው ፎኖግራፍ አፍም ጆሮም ነበረው፤ ይቀርጻል፣ ያሰማልም። በነሐሴ 1890 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶርያ ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ የሰላምታ ቃላቸውን በዚህ መሣሪያ ቀርጸው ልከው ነበር። የእኛም ንጉሠ ነገሥትና እቴጌ ሰምተው ዝም አላሉም፤ በዚያው ዓይነት መሣሪያ የመልስ ቃላቸውን ቀርጸው ወደ እንግሊዝ አገር ላኩ። ድምፅ ገብቶ ድምፅ ወጣ ማለት ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በጀርመን አገር ዜማቸውን በሸክላ አስቀረጹ። ሸክላው ግን በየቤቱ የሚሰማ እንጂ በየቤቱ የሚቀረጽ አልነበረም። ፊሊፕስ የተባለው ኩባንያ በ1955 ዓ.ም. ካሴትን ሲያወጣ አፉ እንደገና ተከፈተ፤ በካሴት ዘመን በውጭ አገር የሚኖር ወገናችን ድምፁን ቀርጾ ለእናቱ ይልክ፣ እናቱም መርቃ ትመልስለት ነበር።

ከዚህ በኋላ በእጅ ይዞ መሄድ መጣ። ከሶኒ ኩባንያ መሥራቾች አንዱ የሆኑት ማሳሩ ኢቡካ በረጅም የአውሮፕላን ጕዞ ላይ ሙዚቃ ለመስማት ፈለጉ። መሐንዲሶቹም ለጋዜጠኞች ድምፅ መቅረጫ ተብሎ የተሠራውን ፕሬስማን የተባለ ትንሽ መሣሪያ ወስደው የመቅረጫውን ክፍል አወጡለት። በሰኔ 1971 ዓ.ም. በጃፓን ገበያ ላይ የዋለው ዎክማን እንዲህ ተወለደ። ከአንድ መሣሪያ ሁለት ሰው እንዲሰማ ሁለት የማዳመጫ ቀዳዳ እንደ ነበረው ስናውቅ ሠሪዎቹ ሰውን ብቻውን ላለመተው እንዳሰቡ እንረዳለን። ነገር ግን መሣሪያው ጆሮ ብቻ ሆኖ ቀረ። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አይፖድም አንድ ሺህ ያህል ዘፈን በኪስ ውስጥ እንዲያዝ ሲያደርግ የተከተለው መንገድ ይኸው ነበር። እኔ የፈለግሁት ግን አፉ ያልተወሰደበትን ነው።

በደብረ ማርቆስ ሱቆች ሦስት ቅዳሜ ተመላለስሁ። በመጨረሻ ያገኘሁት ራዲዮም፣ የሚሞሪ ካርድ ማጫወቻም፣ ድምፅ መቅረጫም የሆነ፣ ክብደቱ ከአንድ ጡብ ያነሰ መሣሪያ ነው። ዋጋው ከስልኩ ዋጋ እጅግ ያነሰ ነበር። ከመግዛቴ በፊት በሱቁ ውስጥ ቆሜ ዐይኔን ጨፈንሁና ቁልፎቹን በጣቴ ብቻ ፈለግሁ። ሻጩ ልጅ ቢስቅብኝም አልተውሁም፤ ዐይን የደከመበትን ሰው ዕቃ በዐይን መምረጥ አይገባምና። ቁልፎቹ ጎላ ጎላ ያሉና በመካከላቸው ርቀት ያላቸው ነበሩ። በባትሪ ድንጋይም ይሠራል፤ በትንሽ የፀሐይ ሰሌዳም ይሞላል። ይህን ሁለተኛ መንገድ የፈለግሁት በክረምት ጮቄ ለብዙ ቀናት በጉም ተሸፍኖ ፀሐይ ስለሚጠፋ የባትሪ ድንጋዩ በዚያን ጊዜ እንዲያገለግል፣ በበጋ ደግሞ የድንጋይ ወጪ እንዳይኖር ነው። በመቅረጫው ቁልፍ ላይ የጧፍ ሰም ጠብ አድርጌ አደረቅሁበት፤ ጣታቸው ሰሙን ሲነካ የሚናገሩበት ቦታ እርሱ መሆኑን እንዲያውቁ ነው።

ስለ ሚሞሪው መጠንም ብዙ ሰው ይሳሳታል። ትልቁን መግዛት ክብር ይመስለዋል። ተራ ጥራት ያለው ድምፅ በአንድ ደቂቃ አንድ ሜጋባይት ያህል ቦታ ይይዛል፤ እንግዲህ 4 ጊጋባይት ከ60 ሰዓት በላይ ያሰማል። አንድ ሽማግሌ በቁልፍ እየፈለገ ሊያገኘው የሚችለው ከዚህም ያነሰ ነው። ስለዚህ ጥቂት ነገር በቅደም ተከተል አስጫንሁ። መጀመሪያ ሲከፈት የታናሽ እኅቴ ድምፅ ይሰማል፤ በስልክ የላከችልኝ ነው። ቀጥሎ የሌሎቻችን ድምፅ፣ ከዚያ የመሰንቆና የዋሽንት ዜማ፣ የቅዱስ ያሬድ ዜማ፣ በመጨረሻም ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ያነበበው «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። የመጽሐፉ ደራሲ ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በዚሁ በደብረ ማርቆስ አካባቢ በጎዛምን የተወለዱ ስለ ሆኑ አባቴ ያን ትረካ የሚሰሙት እንደ ልብ ወለድ ሳይሆን እንደ ጎረቤት ወሬ ነው።

መሣሪያውን ወስጄ ካሳየኋቸው በኋላ ተመለስሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ የመንደራችን ሰው ለገበያ ሲመጣ ሚሞሪውን በጨርቅ ቋጥሮ አደረሰልኝ። የወጪ መዝገቡ ተከፈተ ማለት ነው።

አባቴ በመጀመሪያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ቀጥሎ ስማችንን በዕድሜያችን ቅደም ተከተል እየጠሩ ደኅንነታችንን ጠየቁ፤ ከእያንዳንዱ ጥያቄ በኋላም እኛ የምንመልስበትን ጊዜ ያህል ዝም ይሉ ነበር። ስለ ገብሱ አዝመራ፣ ስለ ተወለዱት ግልገሎች፣ በጎረቤት ስለ ታመመው ሰው ነገሩን። የዘር ሐረጋችንን እስከ ሰባት ቤት ቆጠሩ። በአውድማ ላይ በሬ እያዞሩ የሚያዜሙትን፣ እኔ ከልጅነቴ ወዲህ ያልሰማሁትን ዜማ በደከመ ድምፅ አዜሙ። በመጨረሻ ታናሿን ለብቻዋ ጠርተው «ልጄ፣ ድምፅሽ መጥቷል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንቺስ መቼ ትመጪያለሽ?» አሉ። ከዚያም እንደ ቀድሞው ለመልሷ ጊዜ ሰጥተው ዝም አሉ። ለጥቂት ጊዜ የሚሰማው የጮቄ ነፋስ ብቻ ነው።

ይህን ቃል ለእኅቴ በስልክ ላክሁላት። እርሷ በስድስት ዓመት ውስጥ ለማናችንም «ደኅና ነኝ» ከማለት በቀር የነገረችን ነገር አልነበረም። አሁን ግን ለአባቷ የሚደርስ መልስ ስትቀርጽ እጇ በሥራ ብዛት እንደ ተጎዳ፣ ውሏ ሊያልቅ አሥራ አንድ ወር እንደ ቀረው፣ ከዚያም በላይ እንደማትቆይ ተናገረች። በሚሞሪው ላይ ጭኜ ወደ ስናን ላክሁት። አባቴ ያንን ከሰሙ በኋላ ወራቱን በበሩ መቃን ላይ በቢላዋ እየፈረጹ ይቆጥራሉ። ታላቅ ወንድሜም ለፋሲካ በግ በገንዘብ መላኩን ትቶ ራሱ መጥቶ በጉን ከአባቱ ደጅ አረደ።

መሣሪያው የሰውን ቦታ አልያዘም፤ እንዲይዝም አልተገዛም። ሰው የጎደለበትን ቦታ በግልጽ አሳየን እንጂ።

አንባቢ ሆይ፣ ለወላጅህ ወይም በሩቅ ለሚኖር ዘመድህ እንዲህ ያለ ዕቃ ለመምረጥ ስትነሣ ሦስት ነገር አስብ። አንደኛ፣ አንተ በሌለህበት ጊዜ ያለ ማንም እርዳታ ሊከፍተውና ሊዘጋው ይችል እንደ ሆነ በጣትህ መርምር። ሁለተኛ፣ ኀይሉ ከየት እንደሚገኝ ከተቀባዩ ቤት ተነሥተህ ቁጠር። ሦስተኛ፣ የመናገሪያ ቦታ እንዳለው ተመልከት። መናገሪያ ካለው ግን ስጦታው በአንድ ቀን ሰጥተህ የምትገላገለው አይሆንም፤ መልስ ይመጣብሃል፤ ለመጣውም መልስ የመስጠት ዕዳ አለብህ።