ቁልቁለት ላይ የከዳችኝ ቁልፍ

ኮልፌን በስም ብቻ የሚያውቅ ሰው፣ ኮልፌ ሲባል አጠና ተራ ብቻ ይመስለዋል። በክረምት ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ ወደ ቀራንዮ ዘልቆ፣ አስፋልቱን ለቆ ወደ ሰፈር ውስጥ የገባ ግን ያውቀዋል። ኮልፌ ማለት ቁልቁለት ነው!

መቼም አዲስ አበባ የተሠራችው ተዳፋት ላይ ነው። ቦሌ አየር ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2330 ሜትር ገደማ ሲሆን እንጦጦ ከ3000 በላይ ነው። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ውትድርና የሠለጠነው እዚሁ ኮልፌ ነው። እሱ ረጅሙን የሥልጠና ጉዞ በእግሩ ተጉዞ በሰላም ወጣ፤ እኔ ግን በመኪና ሆኜ አንድ ቁልቁለት ሊያስቀረኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነሐሴ 27፣ የመድኃኔዓለም ዕለት፣ እናቴን ቀራንዮ መድኃኔዓለም አሳልሜ ስመለስ፣ “ዘመድ ጠይቀን እንለፍ” አለችኝ። እሺ ብዬ በአንድ የኮብልስቶን ቁልቁለት ገባሁ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው፤ ድንጋዩ ሳሙና የተቀባ ይመስላል። እኔ ምን ቸገረኝ! መኪናዬ ቁልቁለት ላይ ራሷን የምትይዝበት ቁልፍ አላት። ማርሹን ዝቅ አደረግሁና ተጫንኳት። መብራቷ አልበራም። ደግሜ ተጫንኩ። ወይ ፍንክች! በዚህ መሐል መኪናዋ ፍጥነት ጨምራለች። ደንግጬ ፍሬን ስይዝ ጎማው ተንሸራተተ። የቆምነው በቆሎ ከምትጠብስ ሴት ምድጃ አንድ ክንድ ሲቀረን ነው። ሴትየዋ ጮኸች፣ እናቴ “መድኃኔዓለም!” አለች፣ እኔ ድምፄ ጠፋ።

በማግስቱ ጋራዥ ሄድኩ። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ አየና “የኤቢኤስ ፓምፑ ሞቷል፣ ሙሉ ለሙሉ ይቀየራል” አለኝ። የጠራው ዋጋ የሦስት ወር ደመወዜ ነው። ቴስተር እንኳ አላወጣም! “ልመካከርበት” ብዬ ወጣሁ።

አንድ ጓደኛዬ አጠና ተራ ጀርባ ወደሚሠራ ወጣት ኤሌክትሪሺያን ወሰደኝ። ልጁ ከመፍታቱ በፊት ጠየቀኝ።

“ጋሼ፣ የኤቢኤስ መብራት ዳሽቦርዱ ላይ በርቶ ይቀራል?”

“የለም፣ ሞተር ስታስነሳ በርቶ ይጠፋል።”

“እንግዲያው ፓምፑን ለምን እንጠረጥራለን?”

እውነቱን ነው። ይህ ነገር በላንድ ሮቨር ፍሪላንደር ላይ እ.ኤ.አ. በ1997 ብቅ ሲል ጀምሮ የሚሠራው በራሱ በኤቢኤሱ ዕቃ ነው። ጎማዎቹ ላይ ያሉት ሴንሰሮች ፍጥነቱን ያነባሉ፣ ፓምፑ ደግሞ እየቆራረጠ ፍሬን ይይዛል። ኤቢኤሱ ከታመመ የቁልቁለቱም መቆጣጠሪያ አብሮ ይተኛል፤ ያን ጊዜ ግን ዳሽቦርዱ ዝም አይልም።

ቀጥሎ ስለ ቁልፏ መብራት ጠየቀኝ። በብዙ መኪኖች ላይ ሲጫኑት መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ ቁልፉ ጤነኛ ነው፤ ወይ ፍጥነቱ በዝቷል፣ ወይ ማርሹ ልክ አይደለም፣ ወይ ፍሬኑ ግሏል። ጭራሽ ካልበራ ግን ጥርጣሬው ወደ ፊውዝ፣ ወደ ሽቦና ወደ ቁልፉ ይዞራል። የእኔዋ ጭራሽ ነበረች። ፊውዙን አየ፤ ደህና ነው። ቁልፏን ነቀለና ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጎ ሁለቱን እግሮቿን ነካ። ሳትጫን መስመሩ መቆረጥ አለበት፤ ስትጫን ቁጥሩ ዜሮ አካባቢ መውረድ አለበት። የእኔዋ ስትጫን ቁጥሩ ይዘላል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ይመለሳል።

ሲከፍታት ውስጧ አረንጓዴ ዝገት፣ ላዩ ላይ የሚያጣብቅ ነገር።

“ጋሼ፣ እዚህ ላይ ሻይ ደፍተዋል እንዴ?”

አፈርኩ! ከወራት በፊት በፌስታል አስሬ የያዝኩት ሻይ እዚያው ላይ ተገልብጦብኝ፣ በሶፍት ጠርጌ ረስቼዋለሁ።

ልጁ ጠርጎ ሞከራት፤ ሠራች። ግን “አትመኗት” አለኝ። ሶማሌ ተራ ወርጄ ያገለገለች አምጥቼ ገጠመልኝ። የከፈልኩት ፓምፑ ከተጠራበት ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ከዚያ ደረቅ በሆነና ሰው በሌለበት ቁልቁለት ሞከርናት። “ጠር ጠር ጠር” እያለች በእርጋታ ወረደች። ድምፁ አያስደንግጣችሁ፣ ጤነኛ ነው፤ ፓምፑ ሲሠራ ነው።

እናንተ ወጣቶች፣ ከዚህ ጉዞ ያተረፍኩትን ላካፍላችሁ። አንደኛ፣ ቴስተር ሳያወጣ “ይቀየራል” የሚል መካኒክ ሲያጋጥማችሁ ሌላ ሰው ጠይቁ። ሁለተኛ፣ ቁልፉን የምትሞክሩት ቁልቁለቱ ጫፍ ላይ ቆማችሁ ነው፤ መብራቱ ካልበራ አትውረዱ ወይም በከባድ ማርሽ ቀስ ብላችሁ ውረዱ። ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ በኒውትራል መንከባለልማ አያድርስ! ሦስተኛ፣ ይህ ቁልፍ የሚይዘው በዚያው በእናንተ ፍሬን ነው። ሸራው ካለቀ ተአምር አይሠራም።

በሳምንቱ ያችን ሴት ይቅርታ ልጠይቃት ሄድኩ። በቆሎ ገዛኋትና “አላወቅሽኝም?” አልኳት። አየት አድርጋኝ፣ “እንዴት አላውቅህ! ዛሬ በእግርህ መምጣትህ ደግ አደረግህ” አለችኝ። እናቴ እስከ ዛሬ ቁልቁለት ስናይ “አውርደኝ፣ በእግሬ ልሂድ” ትላለች። ቁልፏ ተጠግናለች፤ የእናቴን እምነት ግን የሚጠግን ኤሌክትሪሺያን ገና አላገኘሁም።